የመንግሥት አካቶ ፕሪኬ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የልጃቸው ንግግር፣ እንቅስቃሴ ወይም ጠባይ ያሳሰባቸው የዲሲ አካባቢ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

አካቶ ፕሪኬ የሚባለው ምን ዓይነት ክፍል ነው?

ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆችና የማያስፈልጋቸው እኩዮቻቸው አብረው የሚውሉበት፣ ከኪንደርጋርተን በፊት ያለ የሕፃናት ክፍል ነው። ምንጣፉ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፣ መክሰስ አብረው ይበላሉ፣ ግቢው ውስጥ አብረው ይሮጣሉ። ድጋፉ ልጁ ወዳለበት ይመጣል። የንግግር ባለሙያዋ ክፍል ገብታ ከልጁና ከጓደኞቹ ጋር እየተጫወተች ታለማምደዋለች። ጣቶቹ ገና ላልጠነከሩ ልጅ ለመያዝ የሚመች መቀስ ይዘጋጅለታል። አፉን ላልፈታ ልጅ ደግሞ የሚፈልገውን በሥዕል እየጠቆመ የሚገልጽበት ሰሌዳ ይሰጠዋል።

ይህን ድጋፍ የሚያገኙት ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ብቻ አይደሉም። ንግግሩ የዘገየ፣ መስማት ወይም ማየት የሚቸግረው፣ መራመድ የሚከብደው፣ ከሌሎች ልጆች ጋር መጫወት ያልቻለ ልጅም ያገኛል። ብዙ ወላጆች «የኔ ልጅ እኮ እዚያ ድረስ አይደለም» ብለው ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ለመጠየቅ እዚያ ድረስ መሆን አያስፈልግም።

ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው የሚቀበሉት?

እርዳታው ከልደት ይጀምራል። ልጁ 3 ዓመት እስኪሞላው ባለሙያዎች ቤት ወይም ዴይኬር ድረስ መጥተው ያግዙታል። ፕሮግራሙ በዲሲ ስትሮንግ ስታርት፣ በሜሪላንድ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ፣ በቨርጂኒያ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ይባላል። ከ3 ዓመት በኋላ ኃላፊነቱ የትምህርት ቤት አስተዳደሩ ይሆናል። ቨርጂኒያ ላይ ትንሽ ልዩነት አለ፤ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 2 ዓመት የሞላው ልጅም በትምህርት ቤቱ በኩል መግባት ይችላል።

ይህ የበጎ አድራጎት ሥራ አይደለም፣ ሕግ ነው። አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ የመማር መብት በ1975 በፌዴራል ሕግ ተደነገገ። በ1986 ሕጉ ሲሻሻል ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ሕፃናት ሙሉ በሙሉ ገቡበት። ሕጉ ዛሬ አይዲያ በሚል ስም ይታወቃል። ስብሰባ ላይ ይህን ስም ደጋግመው ይሰሙታል።

ገንዘብ ይከፈላል?

ምርመራው በሦስቱም ቦታ ነጻ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ለልጁ በሚዘጋጀው የትምህርት እቅድ (አይኢፒ) ውስጥ የተጻፈ አገልግሎት በሙሉ ነጻ ነው፤ ገቢም አይጠየቅበትም። በእቅዱ ላይ ትራንስፖርት ከተጻፈ አውቶቡሱም ነጻ ነው። በቨርጂኒያ ብቻ፣ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አንዳንዱ አገልግሎት እንደ ቤተሰቡ አቅም ክፍያ ሊኖረው ይችላል።

ግራ የሚያጋባው የፕሪኬው ቦታ ነው። በዲሲ የ3 እና የ4 ዓመት ፕሪኬ ለሁሉም ነጻ ነው፤ ቦታው በማይ ስኩል ዲሲ ዕጣ ይደለደላል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን የመንግሥት ፕሪኬ በብዛት የቤተሰብ ገቢን ያያል። «ገቢያችን በለጠ፣ ፕሪኬ አልገባም» የተባለ ልጅ የድጋፍ መብቱ አብሮ የቀረ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። አልቀረም። ሁለቱ የተለያዩ በሮች ናቸው። ሌላም መንገድ አለ፦ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የተቋቋመው የሕፃናት ፕሮግራም ሄድ ስታርት ከቦታዎቹ ቢያንስ 10 በመቶውን አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች እንዲሰጥ ይገደዳል።

ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው ይሉኛል። ትንሽ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው» የሚለውን ምክር ከዘመድም ከጎረቤትም ይሰማሉ። ከልብ የመነጨ ማጽናኛ ነው፤ ግን ልጁ እርዳታውን የሚያገኝበትን ጊዜ ይበላበታል። 2 ዓመት የሞላው ልጅ «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል ማያያዝ ይጠበቅበታል። ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ፣ ይናገራቸው የነበሩ ቃላትን የተወ ልጅ ካለዎት ዛሬውኑ ይጠይቁ። በተለይ የመጨረሻው፣ ያገኘውን ቃል ማጣት፣ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ችላ የሚባል አይደለም።

የሕፃናት ሐኪሞች በ18 እና በ24 ወር ቀጠሮ ላይ የኦቲዝም መጠይቅ እንዲያስሞሉ በሙያ ማኅበራቸው ይመከራሉ። ካላስሞሉዎት እርስዎ ያስታውሷቸው። መጠይቁን በእንግሊዝኛ በችኮላ አይሙሉት፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ። «ልጄ ደህና ነው» ለማለት ብቻ «አዎ፣ አዎ» እያሉ መሙላት ልጁን አይጠቅመውም። መርምረው ምንም የለበትም ቢሉ ደግሞ ያጡት ነገር የለም።

ሁለት ቋንቋ ስለተደባለቀበት ይሆን? ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር እናቁም?

በፍጹም አታቁሙ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ቃላቱ በሁለቱ ተከፋፍለው ሊገኙ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሚቆጠሩት በአንድ ላይ ነው። 30 ቃል በአማርኛ፣ 20 በእንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ 50 ቃል አለው ማለት ነው፤ ተደጋጋሚ ትርጉም ያላቸው ቢኖሩም እንኳ ብዙ ያውቃል። በእንግሊዝኛው ብቻ ከተመዘነ ግን የዘገየ ይመስላል።

ሕጉም ይህን ያውቃል። ምርመራው ልጁ በሚናገርበት ቋንቋ መካሄድ አለበት፤ ይህ የሚቀረው ጨርሶ ማድረግ ካልተቻለ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ አለመቻሉም ብቻውን «ችግር አለበት» ሊያሰኘው አይችልም። እውነተኛ የቋንቋ ችግር ካለ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል። ስለዚህ በአማርኛ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚገባው የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ በደንብ ይንገሯቸው። «በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ምክር አሁንም አንዳንድ ቦታ ይሰጣል። አትቀበሉት። አያቱን ማናገር ያልቻለ ልጅ የሚያጣው ብዙ ነው፤ የሚያገኘው ነገር ግን የለም።

ማንን ነው የምጠይቀው? የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል?

የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም። ወላጅ በራሱ መጠየቅ ይችላል። የትምህርት አስተዳደሮች ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ፈልገው የማግኘት ግዴታ አለባቸው፤ ቻይልድ ፋይንድ የሚባለው ይህ ነው። በዲሲ ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ላሉ ልጆች ኧርሊ ስቴጅስ የሚባለው ማዕከል ይመረምራል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የካውንቲውን ወይም የከተማውን ትምህርት ቤቶች ደውለው «ቻይልድ ፋይንድ፣ ፕሪስኩል» ካሉ ያገናኙዎታል።

ደውለው ብቻ አይቅሩ፤ በጽሑፍም ያድርጉት። ኢሜይል ይበቃል። «ልጄ እንዲህ ተብሎ ይጠራል፣ የተወለደው በዚህ ቀን ነው። ንግግሩና ከልጆች ጋር ያለው ጨዋታ ያሳስበኛል። ለልዩ ትምህርት ድጋፍ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።» ይኸው ነው። ቀኑን ይጻፉበት፣ ቅጂውን ያስቀምጡ። በኋላ «መቼ ጠየቁ?» ሲባል መልሱ በእጅዎ ይሆናል።

ምርመራው ምን ይመስላል? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?

ለትንሽ ልጅ ምርመራው በአብዛኛው ጨዋታ ይመስላል። ባለሙያዎቹ ኩብ ያስደረድሩታል፣ ሥዕል ያሳዩታል፣ ኳስ ያስወረውሩታል፣ እንዴት እንደሚጠይቅና እንደሚመልስ ያያሉ። ዴይኬር የሚውል ከሆነ እዚያ ሄደው ሊያዩት ይችላሉ። ሕጉ በአንድ ፈተና ብቻ እንዲወስኑ አይፈቅድላቸውም። የእርስዎ መረጃም የምርመራው አካል ነው። ቤት ውስጥ በስልክ ቪዲዮ አንስተው ቢወስዱ በጣም ይጠቅማል፤ እንግዳ ፊት አፉን የሚዘጋ ልጅ ብዙ ነው።

ምርመራው የሚጀመረው እርስዎ ፈቃድ ሲፈርሙ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከፈቃዱ በኋላ 60 ቀን ይሰጣል፤ ክልሎች የራሳቸውን ጊዜ ማውጣት ይችላሉ። ሜሪላንድ ከፈቃዱ 60፣ በጽሑፍ ከተጠየቀበት ደግሞ 90 ቀን ትላለች። ቨርጂኒያ ጥያቄው ከደረሰበት ጀምሮ 65 የሥራ ቀን ትሰጣለች፤ ይህም ሦስት ወር ገደማ ነው። ልጁ ብቁ ከተባለ የእቅዱ ስብሰባ በ30 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት።

ሐኪሙ ኦቲዝም ብሎ ጽፎልናል። ትምህርት ቤቱ ለምን እንደገና ይመረምራል?

ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። ሐኪሙ ልጁ ምን እንዳለበት ይናገራል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያ ነገር ትምህርቱን ይነካዋል ወይ፣ ልዩ ትምህርትስ ያስፈልገዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሐኪሙን ወረቀት ማየትና ከግምት ማስገባት አለባቸው፤ ግን በእሱ ብቻ አይወስኑም። በተቃራኒውም ይሠራል፤ ምንም የሐኪም ወረቀት የሌለው ልጅ «የእድገት መዘግየት» በሚል ብቁ ሊባል ይችላል። ለትንንሽ ልጆች ይህ መደብ በጣም የተለመደ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ የሐኪም ቀጠሮ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የትምህርት ቤቱን ምርመራ ለማስጀመር እሱን መጠበቅ የለብዎትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኪዱ።

አይኢፒ ምንድን ነው? ስብሰባው ላይ ምን ልበል?

አይኢፒ ለልጅዎ ብቻ የሚዘጋጅ የትምህርት እቅድ ነው። አሁን ምን እንደሚችል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን እንዲችል እንደሚፈለግ፣ ማን በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደሚያግዘው፣ የትኛው ክፍል እንደሚማር ይጻፍበታል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይከለሳል። ምርመራውም ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ስብሰባው ላይ የክፍል መምህር፣ የልዩ ትምህርት መምህር፣ የምርመራውን ውጤት የሚያስረዳ ባለሙያና በትምህርት ቤቱ ስም መወሰን የሚችል ሰው ይቀመጣሉ። እርስዎም የቡድኑ አባል ነዎት። እንግዳ አይደሉም።

እኛ ዘንድ መምህር የተናገረውን መከራከር እንደ ብልግና ይታያል። ብዙ ወላጅ አንገቱን ደፍቶ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ፣ ፈርሞ ይወጣል። እዚህ ግን ዝም ማለት «ተስማምቻለሁ» ተብሎ ነው የሚወሰደው። ጥያቄ መጠየቅ ይጠበቅብዎታል። ግቦቹን አንድ በአንድ ይዩ። «ንግግሩን ያሻሽላል» የሚል ግብ ምንም አይነግርም። «በመክሰስ ሰዓት ከ5 ጊዜ 4ቱን በሁለት ቃል ይጠይቃል» የሚለውን ግን እርስዎም ቤት ሆነው መከታተል ይችላሉ። ያልገባዎትን አይፈርሙ። «ወስጄ ላንብበው» ማለት መብትዎ ነው። አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲጀመር የእርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ግድ ነው።

ሰዓቱም በእነሱ ብቻ አይወሰንም። አንዱ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ ሌላው ቀን ሆስፒታል የሚሠራ ከሆነ ይንገሯቸው፤ ለሁለቱም ወገን የሚመች ሰዓት መፈለግ አለባቸው። በስልክ ወይም በቪዲዮ መሳተፍም ይቻላል። የሚያምኑትን ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። አስተርጓሚ ማን ያመጣል?

ትምህርት ቤቱ፣ በነጻ። ስብሰባው ሳይደርስ በጽሑፍ ይጠይቁ። አስተርጓሚ ካልመጣ «ሌላ ቀን ይሁን» ይበሉ። ትምህርት ቤቱ ሥራውን በትልቁ ልጅዎ ወይም በጓደኛዎ ላይ መጣል አይገባውም። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ወንድሙ ምርመራ ለእናቱ ማስተርጎም የለበትም፤ ቃሉም ይከብደዋል፣ ነገሩም ያሳዝነዋል።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ፣ ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካወጣች ወዲህ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሜሪላንድ የወላጁ ቋንቋ ከአካባቢው ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ የሚናገሩት ከሆነ የጸደቀው አይኢፒ እንዲተረጎም መጠየቅ ይቻላል፤ ትርጉሙ በ30 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች አማርኛን ከዋና የትርጉም ቋንቋዎቻቸው ጋር ይቆጥሩታል። ሜሪላንድ ውስጥ ስብሰባ ላይ የሚታዩ ሰነዶችም ከ5 የሥራ ቀን በፊት ለወላጅ መድረስ አለባቸው። በስብሰባው ቀን የሚሰጥዎትን የወረቀት ክምር ዝም ብለው አይቀበሉ።

ስሙ ይበላሽበታል ብዬ እፈራለሁ። መዝገቡ ዕድሜ ልኩን ይከተለው ይሆን?

ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው። ልጃቸውን ለቅሶ ቤትም ሆነ ክርስትና ይዘው መውጣት ያቆሙ ቤተሰቦች አሉ። ከሰው ወሬ ሊያስጥልዎ የሚችል ሕግ የለም። መዝገቡ ግን የተጠበቀ ነው። ያለ እርስዎ ፈቃድ ለአሠሪ፣ ለጎረቤት፣ ለቤተክርስቲያን አይሰጥም። ዩኒቨርሲቲም ከመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ትምህርት ፋይል አይላክለትም። ልጁ ድጋፉ የማያስፈልገው ደረጃ ሲደርስ ከአይኢፒ ይወጣል፤ በንግግር ብቻ የገቡ ብዙ ልጆች የሚወጡት እንዲህ ነው። እርስዎም ሐሳብዎን ከቀየሩ አገልግሎቱ እንዲቆም በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላሉ።

ጸሎትና ጸበልስ? ከአይኢፒ ጋር አይጋጩም። ልጅዎን ጸበል ይዘውት ሄደው ማክሰኞ የንግግር ትምህርቱን ቢወስድ የሚከለክል የለም። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

ግሪን ካርድ የለንም። ብንጠይቅ ችግር ያመጣብናል?

በአይዲያ ሕግ የሚሰጠው ምርመራና ድጋፍ የልጁን ወይም የወላጁን የኢሚግሬሽን ወረቀት መሠረት አያደርግም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1982 በፕላይለር ክስ ላይ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ወስኗል። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው የልጁን ዕድሜ፣ ክትባቱንና በአካባቢው መኖርዎን የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ለምሳሌ የቤት ኪራይ ውል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖርዎትም ምዝገባው አይከለከልም።

ሄድ ስታርት በሌላ ሕግ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በ2025 የፌዴራል መንግሥቱ ወረቀት የሌላቸውን የሚከለክል መመሪያ አውጥቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገብቷል። ስለዚህ ለሄድ ስታርት ከማመልከትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

የኔ ልጅ ምንም ችግር የለበትም። አካቶ ክፍል ቢገባ ወደ ኋላ አይቀርም? ጠባያቸውን አይለምድም?

አይቀርም። በዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች፣ ድጋፍ የማያስፈልጋቸው ልጆች በአካቶ ክፍል ቢማሩ ትምህርታቸው እንደማይጎዳ በተደጋጋሚ አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ክፍል ብዙ ጊዜ ተጨማሪ አዋቂ አለው፤ ያ ደግሞ ለሁሉም ይጠቅማል። ልጆች ያዩትን መቅዳታቸው እውነት ነው። አንድ ልጅ ጆሮውን ሲይዝ አይቶ ልጅዎም ሳምንት ጆሮውን ሊይዝ ይችላል። ያልፋል። የማያልፈው ጓደኛው ሲናደድ ትንሽ መጠበቅ፣ በሥዕል ለሚያወራ ልጅ ተራ መስጠት መቻሉ ነው።

እርስዎም እንደ ወላጅ በልደት ግብዣው ላይ ያንን ልጅ ቢጠሩት ለእናቱ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ብዙ እናቶች ልጃቸው አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም።

3 ዓመት ሊሞላው ነው። አገልግሎቱ ይቋረጣል?

መቋረጥ የለበትም። ከልደቱ ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ የሽግግር ስብሰባ ይደረጋል። ብቁ ከሆነ አይኢፒው በሦስተኛ ዓመት ልደቱ ቀን ዝግጁ መሆን አለበት። ልደቱ በክረምት እረፍት ወራት የሚውል ልጅ ብዙ ጊዜ የሚንጠባጠበው እዚህ ላይ ነው። ልደቱ በጁላይ ከሆነ ከማርች ጀምረው ይጠይቁ። ሜሪላንድ ለወላጅ ሌላ ምርጫ ትሰጣለች፦ ልጁ ለአይኢፒ ብቁ ከሆነ ከ3 ዓመት በፊት በነበረው የሕፃንነቱ እቅድ መቀጠልና ወደ ፕሪኬው ዘግይቶ መዛወር ይቻላል።

ዴይኬሩ ወይም ትምህርት ቤቱ «አልቻልነውም፣ ውሰዱት» እያለ ደጋግሞ ይደውልልናል። ይፈቀድላቸዋል?

ለመንግሥት ፕሪኬ መልሱ ቀላል ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የፕሪኬ ልጅ ማገድንና ማባረርን በሕግ አጥብበዋል። «ዛሬ በጊዜ ውሰዱት» እያሉ በየጊዜው መላክም ያው እገዳ ነው፤ ስሙ ስላልተጠራ ብቻ አይቀየርም። ልጁ አይኢፒ ካለው ስብሰባ ይጥሩና እቅዱ ለምን እንዳልሠራ ይጠይቁ፤ የጠባይ ድጋፍ እንዲጨመርበትም ይጠይቁ። የተደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ የደወለውን ሰውና ምክንያቱን በማስታወሻ ይያዙ። ሥራ ጥሎ እየሮጠ የሚሄድ ወላጅ ይህን ለመጻፍ ጊዜ የለውም፣ ይገባኛል። አንድ መስመር ቴክስት ለራስዎ መላክ ግን ይበቃል።

የግል ዴይኬርም ቢሆን የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ይገዛዋል። በሃይማኖት ተቋም ከሚተዳደሩት በስተቀር፣ ልጅን አካል ጉዳት ስላለበት ብቻ ማባረር አይችሉም፤ አቅማቸው የሚፈቅደውን ማስተካከያ ማድረግ አለባቸው።

«የአካቶ ክፍል የለንም፣ ልዩ ክፍል ነው ያለን» አሉን። እንቀበል?

ወዲያው አትቀበሉ። ሕጉ የሚነሳው ልጁ በተቻለ መጠን አካል ጉዳት ከሌለባቸው እኩዮቹ ጋር መማር አለበት ከሚል ነው። ወደ ተለየ ክፍል የሚወሰደው ድጋፍ ተጨምሮለትም አብሮ መማሩ ካልሆነ ብቻ ነው። ምክንያቱ የልጁ ፍላጎት መሆን አለበት እንጂ የክፍል እጥረት አይደለም። አስተዳደሩ የራሱ ፕሪኬ ባይኖረው እንኳ ልጁን በሄድ ስታርት ወይም በሌላ የአካባቢ ፕሮግራም አስገብቶ ባለሙያውን ወደዚያ መላክ ይችላል። የፌዴራሉ የትምህርትና የጤና መሥሪያ ቤቶች በ2015 በጋራ ባወጡትና በ2023 ባደሱት የፖሊሲ መግለጫ ላይ አካቶ ለትንንሽ ልጆች የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ጽፈዋል። «በዚህ እቅድ ላይ ከእኩዮቹ ጋር የማይሆንበት ሰዓት ስንት ነው? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አይኢፒው ላይ መጻፍ አለበት።

እንዲህም ሆኖ፣ በትንሽ ክፍል፣ በጥቂት ልጆች መካከል ለጊዜው የተሻለ የሚማር ልጅ አለ። ይህን የመረጠ ወላጅ ልጁን አልበደለም። ዋናው ነገር ውሳኔው ልጁን አይቶ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ መመለሻውም እንዲታሰብበት ይጠይቁ።

ክፍሉ አካቶ ነው ተብሏል፤ ግን ልጄ ጥግ ላይ ብቻውን ነው የሚውለው። እንዴት ላጣራ?

ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ጥሩ ዓይን አለው። በአንድ ክፍል መቀመጥ ብቻውን አካቶ አይባልም። መጀመሪያ ቁጥሩን ይጠይቁ። የፌዴራሉ መለኪያ መደበኛ ፕሮግራም የሚለው ቢያንስ ግማሾቹ ልጆች አካል ጉዳት የሌለባቸው የሆነበትን ነው። ከ12 ልጅ 10ሩ አይኢፒ ካላቸው ያ ክፍል በስሙ ብቻ ነው አካቶ የሆነው።

ከዚያ ሄደው ይዩ። በጨዋታ ሰዓት ልጅዎ አጠገብ ያለው ማን ነው፣ ሌላ ልጅ ወይስ ሁልጊዜ ረዳቷ? ረዳቷ በእሱና በልጆቹ መሃል ተቀምጣ ከሆነ፣ ሳታስበው አጥር ሆናለች። መምህሯ ለሌሎቹ የምትጠይቀውን ጥያቄ ለእሱም ታቀርባለች ወይ? የንግግር ባለሙያዋ ሁልጊዜ አውጥታ ነው የምትወስደው ወይስ ክፍል ውስጥም ትሠራለች? የሥዕል ሰሌዳው መደርደሪያ ላይ ነው ወይስ እጁ ላይ? ሌሎቹ ልጆች ሲጠየቁ ስሙን ያውቁታል? ልጆች የማይጫወቱትን ልጅ ስም አያውቁም። ያዩትን ይዘው ግብ ያስጨምሩ፤ ለምሳሌ «በነጻ ጨዋታ ሰዓት በአዋቂ እርዳታ ከአንድ ልጅ ጋር 5 ደቂቃ ይጫወታል» የሚል። ከሌላ ልጅ ጋር መጫወት በአይኢፒ ላይ ሊጻፍ የሚችል ግብ መሆኑን ብዙ ወላጅ አያውቅም።

«ብቁ አይደለም» አሉን፤ ወይም የሰጡት ድጋፍ አነሰ። ምን ማድረግ እንችላለን?

መጀመሪያ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መስጠት ግዴታቸው ነው። በምርመራው ካልተስማሙ በሌላ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲደገም፣ ወጪውን አስተዳደሩ እንዲሸፍን መጠየቅ ይችላሉ። አስተዳደሩ ወይ ይከፍላል፣ ወይ የራሱ ምርመራ በቂ መሆኑን ለማሳየት እሱ ራሱ ክርክር ይከፍታል። ለአይኢፒ ያልበቃ ልጅ አካል ጉዳተኞችን ማግለል በሚከለክለው የፌዴራል ሕግ አንቀጽ 504 በኩል ማስተካከያ ሊያገኝ ስለሚችል እሱንም ያንሱ።

ከዚያ በላይ ሦስት መንገድ አለ። ሽምግልና ነጻ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሲስማማ ይደረጋል። ለክልሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ጥፋቱ ከተፈጸመ 1 ዓመት ሳያልፈው መቅረብ አለበት፣ ውሳኔውም በ60 ቀን ይሰጣል። ሦስተኛው እንደ ፍርድ ቤት ያለ ችሎት ነው፤ በአብዛኛው የ2 ዓመት ገደብ አለው። በሥራ ላይ ያለ አይኢፒ ካለና ይህን ችሎት ከጠየቁ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ ባለበት ቦታ ይቆያል።

ብቻዎን አይግቡበት። በእያንዳንዱ ክልል ወላጆችን በነጻ የሚያስተምርና የሚያማክር ማዕከል በፌዴራል ገንዘብ ተቋቁሟል። በዲሲ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤጁኬሽን፣ በሜሪላንድ ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ፒያትክ ይባላሉ። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ይደውሉላቸው፤ ሲደውሉም አማርኛ አስተርጓሚ መስመር ላይ እንዲያስገቡልዎ ይጠይቁ።